በሬ ያሸጠ ድል

ሞላሌ ገበያ ላይ ጠበቃ መኳንንትን ጠጋ ብሎ ሰላም የሚል ሰው አልነበረም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ጉዱ ሥራው ነው። በዚያ በዘጠናዎቹ ዘመን በማዳበሪያ ዕዳ የተከሰሰ ገበሬ ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ስለሆነ፣ ከእሱ ጋር ቆሞ የታየ ሰው «ይኼም ተከሰሰ እንዴ?» መባሉ አይቀርም። ንብረታቸውን ያተረፈላቸው ሰዎች እንኳ ሲያዩት በግ የሚያማርጡ መስለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሚስት የለው፣ ዘመድ በአቅራቢያው የለው፤ ምሳውን ሻይ ቤት ጥግ ይዞ ብቻውን ይበላል። ለምዶታል ይላሉ። ወሬ ነው! እንዲህ ያለውን ማን ይለምደዋል?

አንድ ሰኔ ወይዘሮ ጥሩሸዋ የሚባሉ ከጓሳ ሥር የመጡ ሴት ቢሮው ገቡ። ባላቸው ገሠሠ ለማዳበሪያ ተበድረው፣ ገብሱን ውርጭ መታውና ሳይከፍሉ ሞቱ። አበዳሪው ማኅበር እሳቸውን ከሰሰ። በሰፈራቸው ደግሞ ሬሳ ሲቀበር «ሟች ያለበት ዕዳ ካለ ተናገሩ» ይባላል፤ ከቤተሰቡ አንዱ «እኔ አለሁ» ካለ ሟች በሰላም ያርፋል። ጥሩሸዋ መቃብሩ አፍ ላይ ቆመው «እኔ አለሁ» ብለዋል። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው የሚያሳርሱበትን ቦራ የሚሉትን አንድ በሬያቸውን ሳያጡ፣ ገብሱ እስኪደርስ እንዲታገሷቸው።

«ቀን ግዛልኝ፣ ልጄ» አሉት።

ማን ይስማቸው! መኳንንት የውሉን ወረቀት ሲያይ ዓይኑ በራ። የሟች የጣት አሻራ በሹም ፊት አልተረጋገጠም፤ እንዲህ ያለ ውል ደግሞ በሕግ አይጸናም። ቀን መግዛት ምን ያደርጋል፣ ክሱን ከሥሩ መንቀል ሲቻል? ችሎት ላይ እሳቸው እንዳይናገሩ አሳስቦ፣ ሟች ስለመበደራቸው የሚጸና ማስረጃ የለም ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ዞር ብሎ እንኳን ደስ ያለዎት ሲላቸው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ደስታ መሰለው፣ ምስኪን።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ አገር ቤት ገባ። ጥሩሸዋ የባላቸውን ዕዳ በጠበቃ አስካዱ፣ መቃብር ላይ የሰጡትን ቃል በሉ ተባለ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ሰላምታ ነሳቸው። እንዲህ እየተባለ ገብስ እስኪደርስ ይጠበቃል? አይጠበቅም።

በሚቀጥለው ገበያ መኳንንት ጥሩሸዋ ቦራን እየሳቡ ሲመጡ አየ። እየሮጠ ደረሰባቸው። ፍርድ ቤት የለብዎትም ብሏል፣ ማንም አያስገድድዎትም ብሎ ለመናቸው። ዕዳውን ራሱ እንደሚከፍልም ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እኔ አለሁ» ያሉት እሳቸው እንጂ እሱ አይደለም።

«ባትረታልኝ ኖሮ በሬዬን አልሸጥም ነበር» አሉት፣ ያለ ቁጣ። «እኔ የጠየቅኩህ ቀን ነው።»

አንድ ገዢ መጥቶ የቦራን ጥርስ ሲያይ መኳንንት እዚያው እንደቆመ ቀረ፤ ሴትዮዋም ትኩር ብለው አዩት። ሰው ሁሉ እያየ፣ በገበያ መሐል ፊት ለፊቱ ቆሞ ያናገረው ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ እሳቸው ናቸው።

«አንተስ፣ ልጄ፤ ያንተ ቀን ሲደርስ ‹እኔ አለሁ› የሚልልህ ሰው አለህ?»

«አለኝ» አላቸው።

ማን እንደሆነ አልጠየቁትም። ባለመጠየቃቸው ደግ አደረጉ።