ያለ ቀኑ የመጣው ቆጣሪ አንባቢ

ቆጣሪ አንባቢው አሥራ አንድ ዓመት በሰፈራችን ሲመላለስ፣ ፊቱን በደንብ ያየሁት አንድ ቀን ነው። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ሰማያዊ ኮፍያና ሰማያዊ ካፖርት አድርጎ ይመጣል። በየአጥሩ ሥር ያለውን የብረት ክዳን ያነሳል፣ ቁጢጥ ይላል፣ የውሃ ቆጣሪውን በጨርቅ ጠርጎ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይከድናል። ሲነሳ ጉልበቱ ይንቋቋል። አቀርቅሮ መጥቶ አቀርቅሮ ስለሚሄድ እኛ የምናውቀው ኮፍያውን ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ መስኮት ሥር ነው፤ ከመስኮቱ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ሰፈሩ «ካሜራ» ይለኛል። ስድብ ይሁን ሙገሳ ጠይቄ አላውቅም።

የጸጥታ ኮሚቴ ያቋቋምነው ሁለት ሰዎች «መብራት ልንፈትሽ ነው» ብለው ገብተው የመምህሯን ቤት ካራቆቱት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። የሰፈራችን ፖሊስ፣ ሳጅኑ፣ ሰብስቦን ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ ለሥራ መጣሁ የሚልን ሁሉ መታወቂያ ጠይቁ፣ መሥሪያ ቤቱም ደውላችሁ አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ጠዋት ጠዋት የሚያይ ጎረቤት መድቡ፣ ትርፍ ቁልፍም እሱ ዘንድ ይቀመጥ። እኔ ከኋላ ተነስቼ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አልኩ፤ ተጨበጨበልኝ፤ በዚያው ጸሐፊ ሆኜ አረፍኩት። ሁለቱንም ትእዛዝ በእጄ ጽፌያለሁ። የጥግ ቤቷ እማማ ለእኔ ደረሱ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሁለቱም ልጆቼ እጃቸው ላይ ነው የተወለዱት።

ሰውየው የመጣው ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። ኮፍያ የለ፣ ካፖርት የለ። ትከሻው ላይ ቦርሳ አንጠልጥሏል። የሌሎቻችንን በር አልፎ እማማ በር ላይ ቆመ። አንኳኳ። ግራ ቀኝ አየ። ደግሞ አንኳኳ። ክዳኑን አነሳና አጎነበሰ። ከቦርሳው አፍ ፒንሳ ብቅ ብሎ አየሁ። ጠዋት እማማን ሄጄ አላየሁም ነበር፤ ለሠርግ የሚደርስ ቀሚስ ይዞኝ ነው። መቀሴን ጥዬ ወጣሁ።

«ምን ፈልገው ነው?»

«እህቴ፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ።»

«የምታነበው በአምስት ነው። ዛሬ አሥራ ሁለት!» አንቱታው እዚያው ቀረ።

«ዛሬ ዕረፍቴ ነው። የእማማ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ጎማ እቀይርልዎታለሁ ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር። ግን እባክዎ ይሄን ይዩልኝ።»

ቆጣሪው ውስጥ ትንሽ ቀይ መዘውር ትሽከረከራለች።

«ሲንጠባጠብ እንዲህ አትሮጥም። ቧንቧው ተከፍቶ ቀርቷል። ደጋግሜ አንኳኳሁ፣ አይመልሱም። ፈቃድዎ ከሆነ አጥሩን ልዝለልና ልያቸው።»

አጥር ልዝለል! በጠራራ ፀሐይ፣ እኔን አስፈቅዶ! ኡኡ አልኩ። መካኒኩ፣ የኮሚቴያችን ሰብሳቢ፣ ግሪስ በእጁ እንዳለ ከጋራዡ ሮጦ መጣና ቦርሳውን ነጠቀው። ውስጡ ፒንሳ፣ መፍቻና ብልቃጥ ክዳን የምታህል ጎማ አለ። መታወቂያ አልነበረውም፤ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ቤቱ ቀርቷል። መሥሪያ ቤቱ ደወልን፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሳጅኑ ጋ ደወልን፤ በእግሬ እየመጣሁ ነው አለ። ሰውየውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀን ያዝነው። አልታገለም። ዓይኑ ግን ከቆጣሪው ጉድጓድ አልተነቀለም።

«እኔን ያዙኝ፤ እሰሩኝም። አንዳችሁ ብቻ ግቡ» አለ።

«ብልጥ! በሩን ልታስከፍተን ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። «እኔ እያለሁ ይሄ በር አይከፈትም!»

ቁልፉ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ዛሬም ስጽፈው እጄ ኪሴን ይዳስሳል።

ሳጅኑ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ደረሰ። ሰውየውን ሰማው፣ ጎንበስ ብሎ መዘውሯን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«እማማን እንዲያይ የተመደበው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ዛሬ አይተሻቸዋል?»

ቁልፉን ሰጠሁት።

እማማ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ነበር፤ ጭናቸው ተሰብሯል፣ ቀዝቃዛው ውሃ እላያቸው ላይ ይወርዳል። ትንፋሻቸው አለ። ሰውየው ቀድሞን ገብቶ ቧንቧውን ዘጋ፣ ጃኬቱን አውልቆ አለበሳቸው። አምቡላንሱ እስኪመጣ ያችኑ ጎማ ቀየረ። አጠገቡ ቆሜ፣ «እንዴት አወቅክ... እንዴት አወቁ?» አልኩት።

«ቆጣሪ ያወራል» አለ። «ከሦስት ዓመት በፊት የእርስዎ ቁጥር አንድ ወር አሻቀበ፤ ከዚያ ከወትሮው ወርዶ ቀረ። ለቅሶ ነበር፣ ሰው ጎደለ ብዬ አዘንኩ።»

ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ነው። እኔ ኮፍያውን ስቆጥር እሱ ሐዘኔን አንብቦታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ መቺዋ እኔ ነበርኩ፣ አፈርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት የሰፋሁላቸውን የሌሊት ልብስ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ስንት ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር! «እማማ፣ እኛኮ ለእርስዎ ደኅንነት ብለን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉ። «መጮህ አቅቶኝ ነው እንጂ፣ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ወደ መንገድ አይደል? ድምፅሽን ስሰማ፣ ተመስገን፣ ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው፣ ዳንኩ አልኩ።» የልብሱን ስፌት በጣታቸው ዳሰሱ። «ከዚያ የምትዪውን ሰማሁ።»

ምነው በሰደቡኝ! ስፌቱን አመስግነው፣ ልጆቼን ጠይቀው፣ ስነሳ ብቻ «ቁልፉን ለዚያ ሰውዬ ስጪልኝ» አሉ። ሳጅኑ ሲሰማ ይሁን አለ፤ የኮሚቴው መዝገብ ላይ ስሜን ሰርዤ «ቆጣሪ አንባቢው» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

በአምስተኛው ቀን መጣ፤ ኮፍያው፣ ካፖርቱ፣ ሁሉም በቦታው። የእማማን ክዳን ከፍቶ ቁጢጥ ብሏል። ስንት ቀን ያጠናሁትን ይቅርታ አፌ ላይ ይዤ፣ ቁልፉን በመዳፌ ጨብጬ ሄድኩ። የእግሬን ኮቴ ሲሰማ ቀና አለና አየኝ። ጉልበቱ እየተንቋቋ ፈጥኖ ተነሳ፤ አንዲት ቃል ሳልናገር መታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ።