የፊተኛው ተርባይን

ከባሌ ጋር በመጨረሻ ያደረግነው ተራ ነገር ዳቦ በሻይ እያጠቀስን መብላት ነበር። ኮረብታው ላይ፣ የነፋስ ተርባይኖቹን በምንቆጣጠርበት ክፍል ውስጥ ነን። የፊተኛው ተርባይን ነፋሱን እየበጠበጠ የኋለኞቹን ያደክማቸው ነበር። ባሌ የሠራው ፕሮግራም የነፋሱን ጠባይ እየተማረ የፊተኛውን በጥቂቱ ዘወር ያደርገዋል። የፊተኛው ትንሽ ኃይል ያጣል፣ የኋለኞቹ ብዙ ያገኛሉ፣ ድምሩ ይጨምራል።

“እመቤቴ፣ እስቲ ፈቀቅ በይ፤ ለኋለኞቹም ይድረሳቸው” አለ ስክሪኑ ላይ የፊተኛዋን ተርባይን እያየ። ሳቅኩ።

ስንወጣ የደኅንነት ሰዎች በሩ ላይ ያዙን። እኔን ያስገቡኝ ክፍል የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነበረው። እሱን የት እንደወሰዱት አልነገሩኝም።

በማግስቱ መርማሪው በባሌ ላይ እንድመሰክር ጠየቀኝ።

“የፊተኛው ኃይሉ ቀንሷል። በባልሽ እጅ።”

“የኋለኞቹንስ አየሃቸው?”

“የጠየቅኩሽን መልሺ! ደግሞ ባለሙያ አምጥተንልሻል።”

የገባው አለቃችን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረን፣ ባሌ ለጋብቻ ሲጠይቀኝ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ሆኖ የመጣው ሰው።

“ጋሼ፣ ድምሩ እንደሚጨምር ይንገሩት” አልኩት።

መነጽሩን ወለወለ። “ከነፋስ ማዞር ማበላሸት ነው” አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ፈርሚ ልጄ፣ ቤትሽ ትገቢያለሽ” ብሎ እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

ተቀበልኩት። ክዳኑን ገጠምኩና ደረት ኪሱ ውስጥ መለስኩለት።

“ይጠፋብዎታል” አልኩት።

መርማሪው ሳቀ። አለቃችን ከወጣ በኋላ ግን አልሳቀም።

ባሌ እዚያው እስር ቤት ሞተ። ሬሳውን አልሰጡኝም። እኔን ሲፈቱኝ አገር ለቅቄ ወጣሁ።

አሁን ፍራንክፈርት፣ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ጥበቃ ነኝ። አለቃችንም እዚሁ ከተማ፣ ኖርድኤንድ የሚባል ሰፈር ይኖራል። ያንኑ ፕሮግራም የራሱ አድርጎ በየአዳራሹ ያስረዳል፤ የፊተኛውን ዘወር ማድረግ ድምሩን እንዴት እንደሚያሳድግ በሥዕል ያሳያል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እጄን አወጣሁ። “ባሌ ይህንኑ ሲሠራ እርስዎ ምን ብለው መሰከሩ?” አልኩት፣ በጀርመንኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሌላ እጅ ላወጣ ሰው ዕድል ሰጠ።

የቤተ ክርስቲያን እህቶች ይቅር በይው ይሉኛል። ይቅርታ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝም አልሰጠውም።

ንግግር ባለው ቁጥር የሥራ ፈረቃዬን እቀይራለሁ። ቀድሜ ደርሼ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፣ ሲጨርስም ያንኑ እጠይቀዋለሁ።