የእናቴ ቬንትሌተር

ያስታወሰኝ ሽታው ነው፤ የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ። የወንድሜ ልጅ ለዕረፍት ከአዲስ አበባ መጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ኮምፒውተሩን ዘርግቶ፣ ጆሮውን በማዳመጫ ሸፍኖ፣ የኳስ ጌም ይጫወታል። ከሰዓት በኋላ ነበር። ሙቀቱ የጣራውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። ልጁ በድንገት "ኤጭ!" አለና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ። ቀና ብዬ አየሁ። ኳሱን ይዞ የሚሮጠው ተጫዋች አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ያልተራመደውን መንገድ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል።

"አዲስ አበባ እንዲህ አያደርግም ነበር" አለኝ፣ እኔ ያበላሸሁበት ይመስል።

ሽታው ከማሽኑ ጀርባ ተነስቶ አፍንጫዬ ገብቶ ነበር።

ወንድሜ በየሰርጉና በየክርስትናው የሚያወራትን ታሪክ፣ ጓደኛዬ፣ አንቺም ሰምተሻል። ጋምቤላ ውስጥ ኮምፒውተር የሚገኘው ቢሮ ብቻ በነበረበት ጊዜ እሱ እንዴት ጌም ቤት እንደከፈተ፣ ማሽኑ እንዴት እንዳስቸገረው፣ በመጨረሻም እንዴት እንዳሸነፈው። ሰው ይስቃል። እኔ ሳህኔን እያየሁ እቀመጣለሁ። ለምን ዝም እንደምል አንድ ጊዜ ጠይቀሽኝ ነገሩን አዙሬብሽ ነበር። አሁን ልንገርሽ።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። በየመንገዱ ቀለሙ ያልደረቀ የቢሮ ታፔላ ይሰቀላል፤ ከደጋ የተመደበ ሠራተኛ በየጊዜው ከአውቶቡስ ወርዶ ላቡን እየጠረገ ቤት ያፈላልጋል። እናቴ ከእነዚያ ሁሉ በፊት በወጣትነቷ የመጣች መምህርት ናት። የከተማው ጎረምሳ ገሚሱ አንደኛ ክፍልን የተማረው እሷ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ጠመኔ እንደያዘች ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አፏም በአንድ በኩል ተጣመመ።

አባታችን ሞቷል። ከሁለታችን አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን። እኔ መምህራን ማሰልጠኛ ደርሶኝ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ አጣጥፌ ነበር። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ "አንቺ ሴት ነሽ፤ አንቺ ትችይበታለሽ" አለኝ። ሌላ ንግግር አልነበረም። ሻንጣዬን ፈታሁት።

ቤታችን ውስጥ አንድ ቬንትሌተር ነበር። ረጅም እግር ያለው፣ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ሲጥ የሚል። እናቴ ራስጌ ይቆማል። ከጎኗ ወደ ጎኗ የማገላብጣት እኔ ነኝ፤ ጀርባዋ እንዳይቆስል የሚያደርቅላት ግን እሱ ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜ አንሶላዋ ጀርባዋ ላይ ይጣበቅ ነበር።

ወንድሜ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ኮምፒውተሩን ከነካርቶኑ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ጌም ቤት አደረጋት። ከእናቴ ክፍል የሚለያት ስስ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ ትንፋሽ እንኳን ያሳልፋል። ከኒውላንድ ሰፈር የሚመጡ ተማሪዎች፣ የነጋዴ ልጆች፣ ከቢሮ ሾልከው የሚወጡ ሠራተኞች አንዱ የሌላው ትከሻ ላይ ተደግፈው ይጫወታሉ። የላብና የደረቅ ዓሣ ሽታ፣ በአማርኛ፣ በኑዌርና በአኝዋክ የተደባለቀ ስድብ፣ ሳቅ።

ከሁሉም የሚጮኸው አንድ ቀጭን ረጅም የስፖርት መምህር ነበር። ፊደል ያስቆጠረችው እናቴ ናት። ጨዋታውን ልክ እንደ ሬዲዮ ያስተላልፋል። "ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አሁንም ይሄዳል... ወይኔ እናቴ!" ይላል። ጎል ሲያገባ ዞሮ መጥቶ አንገቱን በእናቴ መስኮት ያስገባል።

"ቲቸር፣ አገባሁ! ሰማሽ?"

አንቱታ የሚባል ነገር በእሱ አማርኛ ውስጥ አልነበረም። እናቴ ሌላ ሰው አንቺ ቢላት ትቆጣለች፤ በእሱ ግን ፊቷ ይፈካል።

"ክፍል ውስጥ አትጩህ! ጥግ ሄደህ ትቆማለህ!" ትለዋለች፣ በተጣመመ አፏ።

"እሺ ቲቸር! አንድ ላግባና እቆማለሁ!"

በሙቀቱ ወራት ማሽኑ መደናቀፍ ጀመረ። ጠዋት ደህና ነው። ከቀትር በኋላ ተጫዋቾቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ኳሱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። "ወባ ይዞታል!" ይላል አንዱ። "ክሎሮኪን ስጡት!" ይላል ሌላው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ተሰላቹ። ከዚያ ሌላ መዋያ መፈለግ ጀመሩ።

ወንድሜ ያልሞከረው የለም። ሲዲውን በአልኮል ወለወለ። ቫይረስ ነው ብሎ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና ጫነ። የመብራቱ ኃይል እየወረደ ነው ብሎ ስታቢላይዘር ገዛ። አንድ ጊዜ ደግሞ "ወለሉን በውሃ ስታጥቢ እርጥበት አስገብተሽበት ነው" ብሎ ተነሳብኝ። በመጨረሻ ከአንዱ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ አመጣ። ሰውየው የጎኑን ክዳን ፈታ፤ እጁን አስገብቶ ወዲያው እያራገበ አወጣው።

"ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሞቆት ነው። ራሱን ለማትረፍ ነው ቀስ የሚለው።"

ከውስጡ የጥጥ ባዘቶ የመሰለ አቧራ አወጣለት። ትንሽ ቀን ደህና ሆነ፤ ተመልሶ ያው። ባለሙያው በሁለተኛው ጊዜ "የራሱ ማራገቢያ አልቻለም። ክዳኑን ክፈተውና ከውጭ ትልቅ ንፋስ ስጠው" ብሎ ሄደ።

ከገበያ ስመለስ የእናቴ ራስጌ ባዶ ነበር። አንገቷ ሥር ላብ ተጠራቅሟል። የገዛሁትን ባሚያ እንደያዝኩ ወደ ጌም ቤቱ ሄድኩ። ቬንትሌተሩ ሆዱ በተከፈተው ማሽን ላይ አፍጥጦ ይነፍሳል። ተጫዋቾቹ ሳይደናቀፉ ይሮጣሉ፤ ልጆቹ ይጨፍራሉ።

"ከማን ራስጌ ነው ያነሳኸው?" አልኩት።

"እሷ ናት ውሰደው ያለችኝ።"

"እሷ?"

"ሂጂና ጠይቂያታ!" ጀርባውን ሰጠኝ።

አልጠየቅኳትም። መልሱን የማውቀው መሰለኝ። የኮምፒውተሩን ካርቶን ክዳን ቆርጬ አጠገቧ ተቀመጥኩና በእጄ ማራገብ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አራግባለሁ፤ ክንዴ ሲዝል ወደ ግራ እቀይራለሁ። ከችፑዱ ማዶ ሆታ። ከወዲህ እኔ፣ እሷና ካርቶኑ። እኔን ብሎ በመስኮቱ አንገቱን ያስገባ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ወንድሜ ወጣ ሲል ጠብቄ ገባሁ። ማንንም ሳላናግር ሶኬቱን ነቅዬ ቬንትሌተሩን ታቅፌ ወጣሁ። እናቴ ራስጌ ተከልኩት። ንፋሱ የግንባሯን ፀጉር ሲያነሳው አየሁና ደስ አለኝ። ከችፑዱ ማዶ ማጉረምረም መጣ፤ ቀጥሎ የወንበር መንቋቋት፤ ቀጥሎ እየራቀ የሚሄድ እግር። የስፖርት መምህሩ በመስኮቱ ብቅ አለ።

"ቲቸር፣ ማሽን ታሟል። ደህና ዋይ።"

ቤቱ ፀጥ አለ። ቬንትሌተሩ ሲጥ እያለ ዞረ፤ ተመለሰ። እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

"ምነው፣ ቤቱ ሰው የለበትም?"

"እኔ አለሁ እማዬ።"

"አንቺማ አለሽ" አለች። "ልጆቹን ነው የምልሽ።"

"ሄዱ።"

ፊቷን ወደ ችፑዱ አዞረች። "ቬንትሌተሩን መልሽለት።"

"ይሞቅሻል እማዬ።"

"አይሞቀኝም። ውሰጂ።"

አንቺማ አለሽ። ስንት ዓመቴ፣ ይህን ቃል ይዤው እዞራለሁ። ሻንጣዬን የፈታሁላት፣ ከጎን ወደ ጎን የማገላብጣት እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ቤቱ ለእሷ ባዶ ነበር። ቬንትሌተሩን በገዛ እጄ ተሸክሜ መለስኩት። ወንድሜ ተመልሶ ሲያየኝ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አልረሳኋትም፤ እንድረሳትም አልፈልግም።

እናቴ የሞተችው ዝናቡ ሳይገባ፣ በአንድ የሚያቃጥል ከሰዓት ላይ ነው። ጌም ቤቱ ሞልቶ ነበር። እያራገብኩላት ሳለ ትንፋሿ አንድ ጊዜ ረዘመና አልተመለሰም። ካርቶኑን አላስቀመጥኩም። ከማዶ ትልቅ ጩኸት ተነሳ፤ ወዲያው ያ ረጅም አንገት በመስኮቱ ገባ።

"ቲቸር፣ አገባሁ! ሰማሽ?"

ፊቷ ወደ ግድግዳው ዞሯል። የተኛች መሰለው።

"ሰምታለች" አልኩት። "ሂድ፣ ጨርስ።"

ሄዶ ጨዋታውን ቀጠለ። እስኪያልቅ ድረስ አላለቀስኩም፤ ማንንም አልጠራሁም። እጇን ይዤ አብሬያት አዳመጥኩ። ካለቀ በኋላ ነው ወጥቼ ለወንድሜ የነገርኩት።

እሱ ታሪኩን ሲያወራ ቬንትሌተሩ አለበት። "ቤት ውስጥ ባገኘሁት ቬንትሌተር" ይላል። ከየትኛው ክፍል፣ ከማን ራስጌ እንዳገኘው አይናገርም። ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል። ፈቅዳ እንደሰጠችው አውቃለሁ፤ እሷም መልሽለት ብላኛለች። ያም ሆኖ አልተውኩለትም።

የወንድሜ ልጅ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሊነሳ ሲል "ቆይ" አልኩት። ከመኝታ ቤቴ ቬንትሌተሬን አምጥቼ ከጠረጴዛው አጠገብ አቆምኩና ወደ ማሽኑ አዞርኩት።

"አክስቴ፣ አንቺስ? ይሞቅሻል እኮ።"

"አይሞቀኝም።"

እየተጠራጠረ ኮምፒውተሩን መልሶ ከፈተው። ጥቂት ቆይቶ ተጫዋቾቹ ሳይንቀጠቀጡ መሮጥ ጀመሩ። ልጁ ተደስቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ መልሶ ደፋ፤ ቤቱም ያለ ድምፅ ቀረ። ትከሻውን ነካሁት።

"እሱን አውልቀው።"

"ጫጫታ ነው አክስቴ፤ ይረብሽሻል።"

"አውልቀው። ድምፁንም ከፍ አድርገው።"

ነቀለው። የተመልካቹ ሆታ ሳሎኑን ሞላው፤ ግድግዳው ላይ እስካለችው የእናቴ ፎቶ ድረስ ደረሰ። አንድ ያረጀ የመጽሔት ሽፋን አንስቼ ፊቴን እያራገብኩ ከጀርባው ተቀመጥኩ። ልጁ ጎል አገባ። ዞር ብሎ ግን ለማንም አልተናገረም።

"አየሁህ" አልኩት።