ጠጉር ቆራጩ ደምለውና የገላባቱ ግጥሚያ

ደምለው መተማ ውስጥ የታወቀው በእጁ ነው። ምላጩን ድንጋይ ላይ ስሎ የሰው አንገት ላይ ሲያሳርፈው፣ እጁ እንደ ቁም ጸሐፊ እጅ የረጋ ነው ይባልለት ነበር። በወጣትነቱ ከሳንጃ ከተማ ወርዶ፣ በቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር አንድ በርጩማ አስቀምጦ፣ የገበሬውንም የነጋዴውንም ራስ ሲላጭ ኖረ።

ጣሊያን መተማ በገባ ጊዜ እሱንም ወደ ምሽጉ ጠሩት። በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደ የመኮንኖቹን ጢም ይላጫል። ካራምቡላን ያየው እዚያ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ጠረጴዛ፣ ሁለት ነጭና አንድ ቀይ ኳስ። ተጫዋቹ ስቴካ በሚሉት ቀጭን ዘንግ የራሱን ነጭ ኳስ ይመታል፤ ኳሱ ሁለቱንም ሌሎች ከነካ አንድ ነጥብ ነው።

ጠረጴዛውን መንካት ለአገሬው ሰው ክልክል ነበር። ግን ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲከብድ መኮንኖቹ ሁሉ ይተኛሉ። ያን ጊዜ ደምለው ዕቃውን ሰብስቦ የሚወጣ መስሎ ወደ ጠረጴዛው ክፍል ይገባል። ትንፋሹን ውጦ ኳሶቹን በቀስታ ያነካካል። የጫማ ኮቴ ከሰማ ስቴካውን ግድግዳ አስደግፎ መጥረጊያ ያነሳል። ሦስት ዓመት እንዲህ ብቻውን ተጫወተ። ምን ያህል እንደቻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ራሱም በቅጡ አያውቀውም።

በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. በጥር ጣሊያን መተማን ለቆ ሲሸሽ ጠረጴዛውን ትቶት ሄደ። ሕዝቡ ከተበተነበት በረሃ እየተመለሰ ቤቱን ሲያቀና፣ ጨርቅ ነጋዴው ሽኩር ጠረጴዛውን ከወደቀ የሣር ጣሪያ ሥር አገኘው። አንዱ ጠርዙ ከመለብለቡ በቀር ደህና ነበር። አሥራ ስድስት ሰው ተሸክሞ ከሱቁ አጠገብ፣ በማሽላ አገዳ የተሠራ ዳስ ሥር አቆመው። የተቀደደውን ጨርቅ ሽኩር ራሱ ጣፈው።

አንድ ረፋድ ሁለቱ ብቻ ሳሉ ደምለው ስቴካ አነሳና አሥራ አንድ ነጥብ በተከታታይ አገባ። ሽኩር ክንዱን ጨብጦ ያዘው።

«አንተ ሰው! ይህን ሁሉ የት ደብቀኸው ኖሯል?»

ሽኩር ደግ ሰው ነው፤ ምስጢር ግን ሆዱ ውስጥ አያድርም። በማግስቱ ድንበሩን ተሻግሮ ገላባት ገብቶ አወራው። ገላባት ላይ ደግሞ ሐሚድ የሚባል የመጋዘን ጸሐፊ ነበር፤ ገዳሪፍ ሳለ ጨዋታውን ተምሮ ማንም የማይረታው። ግጥሚያው ከፋሲካ በኋላ ለሚውለው ሁለተኛ ቅዳሜ ተቆረጠ። መጀመሪያ ሠላሳ ነጥብ የሞላ አሸናፊ ነው፤ የተሸነፈው አሸናፊውን በጀርባው አዝሎ ድንበር የሆነውን ወንዝ ያሻግረዋል።

ሳምንት ሲቀረው ሽኩር ለሙከራ ብሎ ጎረቤቶቹን ጠራ። ሠላሳ የሚሆን ሰው ዳሱን ከቦ ጸጥ አለ። ደምለው ስቴካውን ሲይዝ እጁ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲመታው ኳሱ ከጠረጴዛው ዘሎ የአንዲት እርጎ ሻጭ ቅል ውስጥ ጠለቀ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ላብ አጥምቆት ቤቱ ገባ።

«ቅዳሜ አመመኝ እላለሁ» አላት ሚስቱን አየሁሽን።

«ምን ሆንህ?»

«ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያየኝ የጫማ ኮቴ የምሰማ ይመስለኛል። አሁን መጥተው ያዙኝ እላለሁ። ከዚያ እጄ የእኔ አይደለም።»

አየሁሽ አልሳቀችም። በማግስቱ እንዝርቷን ይዛ ቁርቁራው ሥር ተቀመጠች፤ ባሏ ሲሠራ ስታየው ዋለች። ቤት ሲገቡ እንዲህ አለችው፦

«አንተ ሰውዬ፣ ምላጭ ይዘህ ለአፍታ እንኳ ዝም አትልም። የአንዱን በሬ ትጠይቃለህ፣ የሌላውን ሙግት ትሰማለህ። እጅህ የሚረጋው አፍህ ሲሠራ ነው። ቅዳሜም አውራ።»

«በግጥሚያ ላይ? ሰው አበደ ይለኛል!»

«ይበልህ።»

ቅዳሜ ገበያተኛው ሁሉ ዳሱ ዙሪያ ነበር። ከገላባትም ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ብዙ ሰዎች መጡ። ዳኛው አቶ ገብረማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ነጥቡን በከሰል ግንድ ላይ ይጭራሉ። ሐሚድ ቀጠን ያለ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ይለካል፣ ቀስ ብሎ ይመታል። ደምለው ግን ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ፤ ሰው አበደ እንዳይለው ብሎ። አሥራ ሰባት ለአራት ተመራ። የመተማ ሰው አንገቱን ደፋ፤ ሽኩር ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ሱቁ አዞረ።

ይህን ጊዜ አየሁሽ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ «አፍህን ማን ሰፋው?» ስትል ጮኸች።

ሰው ሳቀ። ደምለው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ስቴካውን እያመቻቸ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ዳኛውን ጠየቃቸው።

«አቶ ገብረማርያም፣ ያች የጠፋችው አህያዎ ተገኘች?»

ሽማግሌው ደነገጡ፤ ግን የተጠየቁት ስለሚወዱት ነገር ነው።

«ተገኘች እንጂ! ሁለት ዓመት ገላባት ከርማ መጣች። ግን ምን ያደርጋል? ‹ሂጂ› ስላት ንቅንቅ አትልም።»

«ውይ! ታመመች እንዴ?» አለና መታ። ነጥብ ገባ።

«ኧረ ደህና ናት፤ ገብስም ትበላለች!»

«ጆሮዋ ይሆን?» መታ። ገባ።

ሕዝቡ አንድ ዓይኑን ኳሱ ላይ፣ አንድ ጆሮውን አህያዋ ላይ አድርጎ ቆመ። ደምለው ሰባት ነጥብ በተከታታይ ጨመረ። ኮቴ የሚባል ነገር ከጆሮው ጠፍቷል፤ ጠረጴዛው የደንበኛ ራስ ሆኖለታል። ከሐሚድ ወገን አንዱ «ማውራት ይፈቀዳል እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ዳኛው ነጥቡን ከጫሩ በኋላ «ዝም በል የሚል ሕግ አልሰማሁም» አሉት።

ተራው የሐሚድ ሲሆን ደምለው እጁን አነሳ።

«እሱ በጸጥታ ነው የሚጫወት። ዝም በሉለት!»

ሁሉም ዝም አለ። ሐሚድ ዓይኑን አንስቶ አየው፤ በደረቱ ላይ እጁን አሳርፎ አመሰገነና ቀጠለ።

ሐሚድ ሃያ ስምንት፣ ደምለው ሃያ ዘጠኝ ሆኑ። ተራው የደምለው ነበር፤ ሌላው ነጭ ኳስ ግን ርቆ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። እሱም አጎነበሰና «ታዲያ አቶ ገብረማርያም፣ አህያዋን ምን ሊያደርጓት ነው?» አለ።

«እኔ እንጃ ልጄ! ምን ብላት እንደምትሰማኝ ጨነቀኝ!»

ሐሚድ አላስቻለውም። «ያ ዐም፣ አጎቴ ገብረማርያም፣ ዐረብኛ ለምዳ ይሆናል፤ ‹ሂጂ›ን ትተው ‹ያላ› በሏት!» አለ።

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ደምለውም እየሳቀ መታ። ነጩ ኳስ ቀዩን ነክቶ፣ ሁለት ጠርዝ ዞሮ፣ እንደ ደከመው ሰው እየተጎተተ ሄዶ ሌላውን ነጭ ሳም አደረገው።

እልልታው ገላባት ተሰማ ይባላል። ሽኩር ቆቡን ወደ ላይ ወረወረ፤ የት እንደወደቀም አልፈለገው። ሐሚድ ደምለውን አቀፈና «ኸላስ፣ አለቀ፤ ያ ኡስታ፣ አንተ ባለሙያ፣ ና ልዘልህ» ብሎ ጀርባውን ሰጠው። ሕዝቡ እየጨፈረ ተከተላቸው። የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ከጉልበት በታች ውሃ ይዞ ነበር። መሐል ላይ ሲደርሱ ሐሚድ አዳለጠውና ሁለቱም ተያይዘው ጭቃው ውስጥ ተቀመጡ። ወዲህም ወዲያም ያለው ሰው እስኪያለቅስ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው የቅዳሜ ወግ ሆነ። አንድ ጊዜ ሐሚድ ይረታል፣ አንድ ጊዜ ደምለው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ደግሞ አየሁሽ እንዝርቷን ለጎረቤቷ አስይዛ «እስቲ አምጡት» ብላ ስቴካውን ተቀበለች። መጀመሪያ ሳተች፤ ከዚያ ሁለት ነጥብ አገባች፤ ሦስተኛዋን ስትለካ ደምለው ሊመክራት አፉን ቢከፍት «ዝም በል፣ እኔ እንደ ሐሚድ ነኝ» አለችውና መታች።