የአባዬ ታጣፊ ስልክ

አባዬ የማሉት ራት ላይ ነው። እንጀራውን ቆርሰው፣ ወጥ አጥቅሰው ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም ብዬ «አባዬ፣ ነገ ጠዋት ሱዳን ልሄድ ነው» አልኳቸው። ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ። ወንድሜ ተስፋዬ መሬት መሬቱን ያያል። ሚስቱ፣ ሙሉ የምትባለው፣ ምንም ሳይጎድል ጨው ላምጣ ብላ ጓዳ ገባች።

«እማዋይሽም እንዲሁ ብላኝ ነው የወጣች» አሉ አባዬ።

እማዋይሽ ታናሽ እህታቸው ናት። እኔ ሳልወለድ በመተማ በኩል ሱዳን ገብታ፣ አንድ ጊዜ በሰው እጅ ሽቶና ሻሽ ልካ፣ ከዚያ ወዲህ የበላት ጅብ አልጮኸም። ሽቶው እስካሁን ቢቸና ቤታችን ውስጥ፣ ሣጥን ሥር አለ። ማንም አልተቀባውም።

«እኔ እኮ ጥቂት ሠርቼ እመለሳለሁ፣ አባዬ…»

«ካገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» አሉና ማተባቸውን ያዙ። «ማርያምን! ከዚህ ደጃፍ ከወጣሽ፣ እግርሽ ቢቸናን ተመልሶ እስኪረግጥ ቃል አልመልስልሽም!»

አባዬ ማርያምን ብለው ምለው ሲያፈርሱ አይቼ አላውቅም። ጠዋት ልሰናበታቸው ስወጣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ለበሬያቸው ጭድ ያቀርባሉ። «አባዬ፣ ይመርቁኝ» አልኳቸው። በሬው ቀና ብሎ አየኝ፣ እሳቸው ቀና አላሉም። ያልተመረቀ መንገድ እንዴት ይከብዳል መሰላችሁ! እስከ ሞጣ ድረስ በአውቶቡሱ መስኮት እያየሁ አለቀስኩ። ከሞጣ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ መተማ።

ድንበሩን ተሻግረን ጋላባት ስንደርስ አንድ የሱዳን ፖሊስ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«አክስቴን ልጠይቅ።»

«ሁላችሁም አክስት አላችሁ!» አለ ላቡን እየጠረገ። «ሱዳን ውስጥ ዘመድ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

እውነቴን ነበር ግን። ኸርቱም ገብቼ፣ ሀበሻ የሞላበት ደይም የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ፣ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ መሸጥ ስጀምር የመጀመሪያ ሥራዬ እማዋይሽን መጠየቅ ነበር። ሙቀቱን አትጠይቁኝ። ቢቸና ሐምሌ ላይ ጭቃው ጫማ ያወልቃል ብለን እናማርር አልነበር? እዚያ ሆኜ ያንን ጭቃ ባገኘው እታቀፈው ነበር። ኪስራ የሚሉት እንጀራ መሳይም አላቸው፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፣ ገና ወጥ ሲያይ ይሟሟል።

ጎረቤቴ ወይዘሮ አልጋነሽ የሞጣ ሰው ናቸው፤ ደይምን ከእኔ ዕድሜ በላይ ኖረውበታል። የአክስቴን ስም ነገርኳቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እጄን ይዘው ወደ ክርስቲያኖቹ መቃብር ወሰዱኝ።

«ይቺውልሽ» አሉ። «ወባ ነው የገደላት። ያለን ሀበሻ ሁሉ ወጥተን ቀበርናት። ቢቸና ከማለት በቀር የማን ልጅ እንደሆነች አልነገረችን፣ ለማን እንላክ?»

ያን ቀን ለማላውቃት አክስቴ ያለቀስኩት፣ ለእናቴ ያለቀስኩትን ያህል ነው። ለአባዬ ግን አልነገርኩም። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ዘመድ አጠገብ ሆኖ፣ በወጉ ነው እንጂ። አገሬ ስገባ እኔው ራሴ አረዳቸዋለሁ ብዬ ሆዴ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ታጣፊውን ሞባይል የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከሻዬ አጠገብ ሞባይል የሚሸጥ ሱዳናዊ ነበር። ክዳኑን ቱክ አድርጎ ይከፍታል፣ ቱክ አድርጎ ይዘጋል። ሬዲዮ አለው፣ ረጅም አንቴና ይመዘዝለታል። ካሜራ አለው፣ የእጅ ባትሪ አለው፣ ድምፅ ይቀዳል፣ ሁለት ሲም ይጎርሳል፣ ድምፁ የሠርግ ዳስ ያስጨፍራል። ቴሌቪዥንም ያሳያል አለኝ፤ አላሳየም። የቀረው እንጀራ መጋገር ብቻ ነበር! ለአባቴ ነው ስለው ነጋዴው ደስ አለው። የእኔን ቁጥር አስገባልኝና፣ «ለአባትሽማ ከሆነ አንድ መልካም ነገር ልጨምርልሽ» ብሎ እየሳቀ ሲነካካው ቆየ። ምን እንደጨመረ አልጠየቅኩትም፤ አመስግኜ ወደ ሞጣ በምትመለስ ሴት ላክሁት።

እንዴት ያለ ጉጉት ነበር! አባዬ ክዳኑን ሲከፍቱት ልባቸውም አብሮ ይከፈታል ብዬ ነው። ስደውል ግን የምታነሳው ሙሉ ናት።

«አባዬስ?»

«ውይ፣ አሁን ወፍጮ ቤት ወጡ።»

ሌላ ጊዜ ቀብር ሄዱ፣ ሌላ ጊዜ ለንግሥ ደብረ ወርቅ፣ ሌላ ጊዜ ተኝተዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን «ደህና ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነው» ትለኛለች። ስልኩንስ ወደዱት? «አይ ወደዱት እንጂ! በመብራቱ ከብት ያስገቡበታል፣ ሬዲዮኑን ይሰሙበታል።» ታዲያ መብራቱና ሬዲዮኑ የእሳቸው ሆኖ፣ ስልክነቱ ብቻ የሙሉ የሆነው እንዴት ነው?

ወይዘሮ አልጋነሽን አማከርኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ብዙ መርዶ አርድቻለሁ» አሉ በዝግታ። «አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ቦታ አይሄድም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለም። ቂም ነው ወይስ ሞት? በደይም መርዶ የሚያረዱት ገና ጎህ ሲቀድ፣ ተሰብስበው መጥተው ነው። ከደጄ የጫማ ኮቴ በበዛ ቁጥር ሻሼን ጭብጥ አድርጌ እቀመጣለሁ። እኔ ራሴ ሞት ደብቄ የያዝኩ ሰው ነኝና፣ መደበቅ እንዴት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ።

«ሙሉ፣ በማርያም! ቃል አይናገሩኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሳሉልኝ!» አልኳት።

«ኧረ ሳል እኮ የለባቸውም፣ ትርንጎዬ» አለች። ልስቅም ላለቅስም አልቻልኩ።

አንድ ረፋድ ሻይ እየቀዳሁ ሳለ ከማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር ሚስድ ኮል ተደረገልኝ። ደወልኩ። የማላውቀው የወንድ ድምፅ ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ሰይድ እባላለሁ፣ ሞጣ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ። የሠራሁት ስልክ መደወሉን በራሴ ሲም ልሞክር ብዬ ነው። ውስጡ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያንቺ።»

«የማን ስልክ ነው?»

«የአንድ የቢቸና አባት። ስልኩ ሁሉ ነገሩ ዓረብኛ ሆኖ የሚያነብላቸው ቢያጡ፣ ሞጣ ዓረብኛ የቀራ ልጅ አለ ተብለው በአውቶቡስ መጡ።»

«የት አሉ?»

«እዚህ ፊት ለፊቴ፣ በርጩማው ላይ።»

«ይተነፍሳሉ?»

«ምን?»

«ወንድሜ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ይተነፍሳሉ ወይ?»

«ኧረ ሻይም እየጠጡ ነው!»

አላመንኩም። ስልኩ እኮ የሟች ሆኖ ሌላ ሰው ይዞት ቢሆንስ? «የግራ አውራ ጣታቸውን እይልኝ፤ ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው?»

«አባባ፣ እስቲ እጅዎን… አዎ፣ ለሁለት ነው።»

እመሬቱ ላይ ዝርፍጥ አልኩ። አንዱ ደንበኛዬ ሻዩን ራሱ ቀድቶ ጠጣ። ሰይድ ደግሞ ምን እንደሆንኩ ሳይገባው ይስቃል፣ ያወራል። ለካስ የኸርቱሙ ነጋዴ የጨመረልኝ መልካም ነገር አዛን ነው! ስልኩ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ይጣራል። ሰንበቴ ላይ ቄሱ ዳቦውን እየባረኩ ሳለ ከአባዬ ጋቢ ውስጥ «አላሁ አክበር» ብሎ ለቀቀው። አባዬ ክዳኑን ቢዘጉት አይሰማም፣ በጋቢያቸው ቢጠቀልሉት አይሰማም፣ ቢጨንቃቸው ተቀመጡበት፤ ከሥራቸው ሆኖ ባሰበት። ቄሱም «እሱም የሚጠራው እግዚአብሔርን ነው፣ ይጨርስና እንቀጥላለን» ብለው ሰዉ ሁሉ ዝም ብሎ እስኪጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ አባዬን ሐጂ እያለ አላስቀምጥ አላቸው።

«እኔማ ባላጠፋው ደስ ይለኝ ነበር» አለ ሰይድ።

«እስቲ አገናኘኝ፣ ወንድሜ።»

«አባባ፣ ልጅዎ ናት… እጃቸውን እያወዛወዙ ነው። ማርያምን ምያለሁ ይላሉ።»

ስልኩ በትልቁ ድምፅ ተከፍቶ ነበርና፣ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባዬን ድምፅ ሰማሁት። የሚያናግሩት ሰይድን ነው።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ሳልናገር ከፍቼ ባስቀምጠው፣ የእሷ ነገር ይሰማኛል?»

«ይሰማል፣ አባባ።»

«እንግዲያው አልሰማም ብዬ አልማልኩም» አሉ።

ሙሉን ስወቅሳት ማልቀስ ጀመረች። «አላናግራትም ይላሉ ብዬ ልንገርሽ? እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው።» ምን ይባላል! ለእኔ አዝና ገደለችኝ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ክዳኑ ቱክ ይላል፣ ከዚያ ዝም። እኔ አወራለሁ፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኪስራው፣ ስለ ፖሊሱ። በሬው ጭድ ሲያላምጥ ይሰማኛል፣ ሬዲዮ ይሰማኛል፤ ታምሜ ነበር ያልኩ ቀን ረጅም ትንፋሽ ሰምቻለሁ። ሱዳናዊው አከራዬ ግቢው ውስጥ ብቻዬን ስለፈልፍ አይቶኝ ጠየቀኝ።

«አንቺ ሀበሺያ፣ የሚመልስልሽ የለም እኮ!»

«አባቴ ነው። ይሰማል እንጂ አይናገርም።»

«ላኢላሃ ኢለላህ! ይህ ስልክ የት ይሸጣል? ለሚስቴ ልግዛላት።»

እንዲህ እንዳለን አንድ እሑድ ደወልኩ። ቱክ አለ።

«አባዬ» አልኩ እንደ ወትሮዬ።

«ትርንጎ» አሉ።

ስሜ እንዲህ ያምራል እንዴ! በኋላ ሙሉ ስትነግረኝ፣ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው መሐላዬን ፍቱልኝ ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው የስግደት ቀኖና ተቀብለው ነበር። ያን ጊዜ ግን ይህን አላወቅኩም፤ እንባዬን እየዋጥኩ ምን እንደሚሉኝ ብቻ እጠብቃለሁ።

«እማዋይሽን አገኘሻት ወይ?»

መሐላቸውን ያፈረሱት ለዚህ ነው። አለች እንዳልል አፌ እንዴት ይታዘዘኝ? የለችም እንዳልል፣ አጠገባቸው ከበሬው በቀር ማን አለ?

«ደህና ናት፣ አባዬ» አልኩ። «ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነው።»

የሙሉ ቃል መሆኑን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በሬው ያላምጣል።

«ቆየች?» አሉ።

«ቆይታለች።»

«እሺ፣ ልጄ» አሉና ክዳኑን ዘጉት።

በሌላው ሳምንት ያነሳችው ሙሉ ናት። «አባባ ምን እንደነካቸው እንጃ» አለችኝ። «ያንን የሽቶ ብልቃጥ አውጥተው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። ቄስ ጠርተው ፍትሐት አስፈቱ፣ ነዳያን አበሉ። ለማን ነው ብንላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለቆየች ሰው ነው አሉን።»

አሁን ስደውል አባዬ ራሳቸው ያነሳሉ። ሄሎ አይሉም፤ «አለሁ» ነው የሚሉት። እኔም አለሁ እላቸዋለሁ። ዝናቡ ገባ፣ ጤፉ ተዘራ፣ በሬው አረጀ ይሉኛል። ያልኩት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፣ መመለሻዬም ገና አልታወቀም፣ እሳቸውም መቼ ትመጫለሽ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። ባለፈው እሑድ ግን ሊዘጉ ሲሉ መለስ አሉ።

«ትርንጎ» አሉኝ። «አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ አትቆዪ።»

«አልቆይም፣ አባዬ» አልኳቸው።

ቱክ አለ።