ካርቶኑ ያው ነው

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ግትር ሰው ነው። አምስቱን አሮጌ ኮምፒውተሮች ሲያድስ፣ ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ አሠራሩን ሊያነበውና ሊያስተካክለው የማይችል ፕሮግራም አላስገባም ብሎ ማለ። "የማይነበብ ነገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ምን ይሠራል?" ይላል። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ መከራ ያሳየው ዋይፋዩ ነው። ገበያ ላይ ያለ የዋይፋይ መቀበያ ሁሉ፣ ፋብሪካው ቆልፎ የሰጠው ፕሮግራም ካልተጫነለት አልሠራም አለ።

እግሩ እስኪቀጥን ዞሮ ዞሮ፣ በዓመቱ አውራ ጣት የምታክል አንዲት መቀበያ አገኘ። ገና ሲሰካት፣ የተቆለፈ ፕሮግራም ሳትጠይቅ፣ መብራቷ ቦግ አለ። በማግስቱ ከዚያው ሱቅ አራት ጨመረ፤ ስሙም የሞዴል ቁጥሩም ያው ነው። ሲሰካቸው ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። አንዱን በቢላ ፈልቅቆ ቢያየው፣ ፋብሪካው የውስጡን ቺፕ ለውጦታል፤ አዲሱ ደግሞ ያንኑ የተቆለፈ ፕሮግራም የሚፈልግ ነው። አራቱንም ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

"ጋሼ፣ ካርቶኑ እኮ ያው ነው!" አለችው ባለሱቋ።

"እሱ አይደል ጉድ የሠራኝ!"

ከዚያ ወዲህ አምስቱ ኮምፒውተሮች በአንዲቷ መቀበያ በተራ ይጠቀማሉ። አንድ ጡረታ የወጡ ነርስ ዛሬ፣ ልጃቸው በኢንተርኔት የላከችላቸውን ደብዳቤ ለማየት ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ ጠበቁ። ልክ ተራቸው ሲደርስ የመቀበያዋ መብራት ጠፋ። ኃላፊው ነቅሎ መልሶ ሰካት፤ ምንም የለም። እንደ ፍም ግላለች።

"እስቲ እፍ በልባት፣ ልጄ" አሉት።

እፍ ማለት ለቺፕ ምንም እንደማይረባ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ተንበርክኮ እፍ አለባት።