ቁልፍ ይዞ የማይወጣው ካፒቴን

የስፌት መኪናው ድምፅ ሲቋረጥ፣ ጓዳ የተኙት እናት «አለሽ ወይ?» ይላሉ። ስድስት ዓመት ከአልጋ አልወረዱም፤ የልብስ ሰፊ ልጃቸውን መኖር የሚያውቁት በመኪናው ድምፅ ነው። ዛሬ ደግሞ ሌላ ከተማ ያለ የስፌት ድርጅት ሥራ ሊሰጣት መልሷን ይጠብቃል።

ነገ ወደ ኮሌጇ የምትመለሰው ታናሽ እህቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ በኮምፒውተር የጠፈር ጌም ትጫወታለች።

«ይሄ ታሪክ ቀዳዳው አያልቅም፣ እትዬ! ካፒቴኑ የማምለጫዋ መንኮራኩር ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እያለ ሰባት ዓመት ጠፈር ጣቢያ ውስጥ ተዘግቶበት ይኖራል። ደራሲው ቁልፉን ረስቶታል።»

«ብቻውን ነው?»

«መነሳት የማይችል ሽማግሌ መካኒክ አብሮት አለ። ማምለጫዋ ግን የምትይዘው አንድ ሰው ነው።»

«ታዲያ ቀዳዳው የቱ ጋ ነው?»

«አንቺ ደግሞ ቀዳዳ ካየሽ ካልጣፍሽ አይሆንልሽም!» ብላ ሳቀች እህቷ።

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ ለድርጅቱ ኃላፊ ደወለች።

«አልሰማሁሽም፣ እስቲ መኪናውን አቁሚው» አሏት ኃላፊው።

«አይቆምም» አለች ጮክ ብላ፤ «ሥራውን ለሌላ ሰው ስጡት።»